ኦቴሎና ፖል ሮብሰን

ሠዓሊ ቢሞት ሥዕሉ ከግድግዳ ላይ አይወርድም፤ ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የቴአትር ተጫዋች ሥራ ግን መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር አብሮ ያልፋል። ትናንት ማታ በመድረክ ላይ ያሰማው ድምፅ፥ የቆመው አቋቋም፥ ዝም ያለው ዝምታ ዛሬ ጠዋት የትም ቢፈለግ አይገኝም። የሚቀረው በተመልካቹ ልብ ውስጥ ያደረው ብቻ ነው፤ ያም ተመልካች በተራው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ «እርሱ እንዲህ አድርጎ ተጫውቶት ነበር» እየተባለ ሲነገርለት የሰማን እንደ ሆነ፥ ነገሩ ተራ ዝና አለመሆኑን ተረድተን ምክንያቱን መመርመር ይገባናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥቁር አሜሪካዊው ፖል ሮብሰን በሼክስፒር «ኦቴሎ» ያሳየውን አጨዋወት ነው። ሮብሰን ይህን ክፍል በሦስት ታላላቅ ትርኢቶች ተጫውቶታል፤ በ1930 በሎንዶን፥ በ1943 በኒውዮርክ፥ በ1959 ደግሞ በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኛ ከነዚህ ትርኢቶች በአንዱም አዳራሽ ውስጥ አልተቀመጥንም። ይሁን እንጂ የኒውዮርኩ ትርኢት ተጫዋቾች ድርሰቱን በሸክላ ስላስቀረጹት ድምፁን መስማት ይቻላል፤ ያዩት ሰዎችም፥ ሮብሰን ራሱም የተናገሩት ተጽፎ ይገኛል። ከነዚህ ተነሥተን የደረስንበት አሳብ አንድ ነው። ይኸውም ሮብሰን «ኦቴሎ»ን ከቀናተኛ ባል ታሪክነት አውጥቶ የእምነትና የክብር ሐዘን አደረገው፤ ይህንንም ለማድረግ የቻለው በድምፁ ማማር ብቻ ሳይሆን እንደ ሰው ቀጥ ብሎ መቆምን ስለ ተማረ ነው የሚል ነው።

ተውኔቱን ገና ላላነበቡ ወጣቶች ጭብጡን በአጭሩ እናስታውስ። ኦቴሎ በቬኒስ መንግሥት የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ነገር ግን ጠላት በተነሣ ቁጥር ቬኒስ የምትጠራው እርሱን ነው። የአንድ መኰንን ልጅ ዴዝዴሞና የሕይወቱን ታሪክ ስትሰማ ወድዳው ከአባቷ ተሰውራ ታገባዋለች። አባትየው ልጄን በመተት አታለላት ሲል በሸንጎ ይከሰዋል፤ ኦቴሎም መልሱን ሰጥቶ ይረታል። ከዚያ በኋላ ሹመት ስለ ቀረበት ቂም የያዘው የበታቹ ኢያጎ፥ ሚስትህ ከምክትልህ ከካሲዮ ጋር ትወዳጃለች እያለ በጥቂት በጥቂቱ ያስጠረጥረዋል። የጠፋ መሐረብ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ኦቴሎ ንጽሕት ሚስቱን በአልጋዋ ላይ አፍኖ ይገድላል፤ እውነቱ በተገለጠለትም ጊዜ ራሱን ይገድላል።

ነገሩ በዚህ ዓይነት ሲነገር በእርግጥ የቅናት ታሪክ ይመስላል። ተማሪው «የኦቴሎ ጉድለት ቅናት ነው» ብሎ በፈተና ወረቀቱ ላይ ቢጽፍ ተሳስተሃል የሚለው መምህር ብዙ አይደለም። ዳሩ ግን ኦቴሎ ከጥንቱ በጠባዩ ቀናተኛ ነው ካልን ተውኔቱ ያንሳል። እሳቱ አስቀድሞ በውስጡ ካለ፥ ኢያጎ ያደረገው ገለባ ማቀበል ብቻ ነው ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ደግሞ ነጮች ተጫዋቾች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው፥ ኦቴሎን ሥልጣኔው ከቆዳው ያላለፈ፥ ጥቂት ሲነኩት ወደ አውሬነት የሚመለስ ሰው አድርገው የተጫወቱት ብዙ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ኦቴሎ ያየ ተመልካች ግድያው ሲፈጸም አይደነግጥም፤ «ከእርሱ ሌላ ምን ይጠበቃል?» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰው የማያዝንበት ሐዘን ሐዘን አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ ሮብሰን የመጀመሪያው ተጓዥ አልነበረም። በ1807 በኒውዮርክ የተወለደው ጥቁር ተጫዋች ኢራ ኦልድሪጅ በአገሩ ለጥበቡ ቦታ ስላላገኘ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1833 ታላቁ ተጫዋች ኤድመንድ ኪን ኦቴሎን ሲጫወት በመድረክ ላይ በታመመ ጊዜ፥ በዚያው በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ክፍሉን ተክቶ የተጫወተው ኦልድሪጅ ነው። አንዳንድ የሎንዶን ጋዜጦች ከአጨዋወቱ ይልቅ መልኩን እያነሡ ሰደቡት። እርሱ ግን አውሮፓን እስከ ሩሲያ ድረስ እየዞረ ሲጫወት ኖሮ በ1867 በፖላንድ ሎጅ ከተማ ሞተ። ሮብሰን በ1930 ለሎንዶኑ ትርኢት ሲዘጋጅ የንግግር ትምህርት ከሰጡት መምህራን አንዷ የዚሁ የኦልድሪጅ ልጅ አማንዳ ናት። ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ባዕድ ሰው የምትተላለፍበት መንገድ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ሮብሰን የተወለደው በ1898 በፕሪንስተን ከተማ ነው። አባቱ በባርነት ተወልዶ፥ በጐልማሳነቱ መግቢያ ላይ አምልጦ፥ ተምሮ ቄስ የሆነ ሰው ነበረ። ልጁ በሩትገርስ ኮሌጅ በትምህርትም በኳስ ጨዋታም ስመ ጥር ሆነ፤ በ1923 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ነገር ግን ዕድሉ በፍርድ ቤት ሳይሆን በመድረክ ላይ ነበረ። ቁመቱ ከተራው ሰው የሚበልጥ፥ ድምፁም ጥልቅና ወፍራም ስለ ሆነ በዘፈኑም በቴአትሩም ስሙ በቶሎ ተሰማ።

በ1930 በሎንዶን ሳቮይ ቴአትር ኦቴሎን ሲጫወት ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ነበረ፤ ዴዝዴሞናን የተጫወተችው ፔጊ አሽክሮፍት ናት። ተመልካቹ ጭብጨባውን አልነፈገውም። ሮብሰን ግን ስለዚያ ትርኢት በኋላ ሲናገር፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዴዝዴሞና በቀረበችው ቁጥር ወደ ኋላ ያፈገፍግ እንደ ነበረ፥ በጌታው ሳሎን ውስጥ እንደ ገባ የእርሻ ሠራተኛ ይሸማቀቅ እንደ ነበረ ገልጧል። ይህ ቃል ከብዙ የሒስ ጽሑፍ ይበልጥ ያስተምራል። ቃሉን አጥንቷል፤ አነጋገሩ ተቃንቷል፤ ልብሱ የጦር አዛዥ ልብስ ነው፤ ሰውነቱ ግን የተወለደበት አገር ያስተማረውን ፍርሃት አልረሳም። ሠራዊት የሚያዝዝ ሰው ከገዛ ሚስቱ ፊት ቢያፈገፍግ ኦቴሎ የለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሮብሰን በሎንዶን ሲኖር የአፍሪካን ቋንቋዎች አጠና። በመጋቢት 1936 የሃይቲን ነፃነት መሪ ቱሳን ሉቨርቱርን ሆኖ ተጫወተ፤ ተውኔቱን የደረሰው የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ነው። ጄምስ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር በሎንዶን መሥርቶ የፋሽስት ኢጣሊያን ወረራ ይቃወም ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ጥቁር የጦር መሪ በሎንዶን መድረክ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም፥ ያን ያየ ሰው በእውነተኛው የጦር ሜዳ ላይ የቆሙትን ጥቁር የጦር መሪዎች ሳያስብ አልቀረም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

እንግዲህ በ1943 ወደ ኦቴሎ የተመለሰው ሮብሰን ሌላ ሰው ነበረ። አዘጋጇ ማርጋሬት ዌብስተር ትርኢቱን አስቀድማ በ1942 በጋ በማሳቹሴትስ በምትገኘው በካምብሪጅ ከተማ ሞከረችው፤ በፕሪንስተንም ታየ። ጥቅምት 19 ቀን 1943 በኒውዮርክ ሹበርት ቴአትር ተከፈተ። ጥቁር ሰው በነጮች ተጫዋቾች መካከል ኦቴሎን ሆኖ በብሮድዌይ ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነበረ። ትርኢቱ 296 ጊዜ ታየ፤ በብሮድዌይ ከታዩት የሼክስፒር ተውኔቶች ሁሉ ይህን ያህል የቆየ የለም።

አሁን በሸክላው ላይ የቀረውን ድምፅ እናዳምጥ። በሸንጎው ፊት ኦቴሎ ተከሶ ቆሟል። የኛ አንባቢ በጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ» እያለ፥ በትሩን እየነቀነቀ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተራመደ የሚሟገተውን ባለ ጉዳይ ያውቃል። ሮብሰን የዚህ ተቃራኒ ነው። አይለማመጥም፤ አይፎክርም፤ አይቸኩልም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ሸንጎው ራሱ ጆሮውን እንዲያቀርብ እንደሚያደርግ ሽማግሌ ይናገራል። ንጽሕናውን የሚያስረዳው በቃሉ ብዛት ሳይሆን በእርጋታው ነው። ይህ እርጋታ በኋላ የሚፈርሰው ታላቅ ቤት ነውና፥ ቁመቱን አስቀድመን ካላየን የመፍረሱን ልክ ልናውቅ አንችልም።

ኢያጎን የተጫወተው ሆሴ ፌረር ነው። ድምፁ ቀላል፥ ምላሱ ፈጣን ነው። ሮብሰን አንድ ቃል እስኪናገር ፌረር ሦስት ነገር ሸርቦ ይጨርሳል። አንዳንድ ሐያስያን የሮብሰንን አጨዋወት ቀርፋፋ፥ ስብከት የሚመስል ብለው ነቅፈውታል። ነቀፌታው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ንዴት በበረታባቸው ስፍራዎች ንግግሩ መሰባበርና መፋጠን ሲገባው እንደ መዝሙር ይንቆረቆራል፤ የድምፁ ውበት የቃሉን ትርጉም የሚሸፍንበትም ጊዜ አለ። የሆነ ሆኖ ከፌረር ፍጥነት ጋር በተገናኘ ጊዜ ያ ዝግታ ራሱ ትርጉም ይሆናል። የሮብሰን ኦቴሎ ለመጠርጠር የሚዘገየው መጠርጠርን ስላልለመደ ነው። የእኛ አባቶች «ማመን ቀብሮ ነው» ይላሉ። ኦቴሎ ይህን ምሳሌ የማያውቅ ወታደር ነው፤ በጦር ሜዳ ነፍሱን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ ኖሯልና፥ የጓደኛውን ቃል መጠራጠር ለእርሱ ነውር ነው። እንግዲህ የሚወድቀው በቅናት ብቻ አይደለም፤ ማመን በማይገባው ቦታ በማመኑ ነው።

ሮብሰን በ1945 ስለ ኦቴሎ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የሰውየውን ክብር የነገሩ ሥር አድርጎ አቅርቦታል። በባዕድ አገር በአገልግሎቱ ብቻ የከበረ ሰው ያ ክብር ሲነካበት ከእግሩ በታች ያለው መሬት ይከዳዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ክብር ግድያን አያጸድቅም። ኦቴሎን እጅግ ብናገን ዴዝዴሞና የባሏ ክብር መለኪያ ብቻ ሆና እንዳትቀር ያሰጋል። ሼክስፒር ይህን ዐውቆ የኢያጎን ሚስት ኤሚሊያን በመጨረሻው ትርኢት ላይ አቆማት፤ ሴራውን በገዛ ባሏ ላይ የምትመሰክር፥ ኦቴሎንም ሳትፈራ የምትወቅስ እርሷ ናት፤ ሕይወቷንም የምታጣው ስለ እውነት ነው። በኒውዮርኩ ትርኢት ኤሚሊያን የተጫወተችው አዘጋጇ ዌብስተር ራሷ ነበረች። ስለዚህ ከኦቴሎ ታላቅነት ጎን የሟቿ ንጽሕናና የምስክሯ ድፍረት እኩል መሰማት አለባቸው።

በ1944 እና በ1945 ትርኢቱ በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች ሲዞር፥ ሮብሰንና ጓደኞቹ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚቀመጡበት አዳራሽ አንጫወትም አሉ። ይህ ከጥበብ ውጭ የሆነ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን የአጨዋወቱ ክፍል ነው። በ1930 ያፈገፈገው ሰውነት በ1943 ቀጥ ብሎ የቆመው ተጫዋቹ ከመድረክ ውጭም ማፈግፈግን ስለ ተወ ነው። ዋጋውንም ከፍሎበታል። ስለ ጥቁሮች መብትና ስለ ቅኝ ግዛት በተናገረው፥ ከሶቪየት ኅብረትም ጋር በነበረው ወዳጅነት ምክንያት በ1950 ፓስፖርቱ ተያዘ፤ እስከ 1958 ድረስ ከአገሩ መውጣት ተከለከለ። በዚያው በ1958 በካርኔጊ አዳራሽ ሲዘፍን፥ ከዘፈኖቹ መካከል የኦቴሎን የመጨረሻ ንግግር ለብቻው አሰምቷል። በ1959 ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላው፥ ከሕመም ተነሥቶ በስትራትፎርድ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወተው። በ1976 በፊላደልፊያ ዐረፈ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ስለ መለሱት፥ ተውኔቱ ዛሬ የኛም መድረክ ሀብት ነው። ነገር ግን በኛ መድረክ ላይ አንድ ችግር አለ። ተጫዋቾቹ ሁሉ የአንድ አገር ልጆች ስለሆኑ፥ በአውሮፓ በመልክ የሚታወቀው የኦቴሎ ባዕድነት በኛ ዘንድ በመልክ አይታወቅም። ታዲያ ተጫዋቹ ባዕድነቱን በምን ያሳያል? ኦቴሎን ቀናተኛ ባል ብቻ አድርጎ ከተጫወተው በምንም አያሳየውም። በሮብሰን መንገድ ከሄደ ግን ከአገሩ ርቆ በሥራው ብቻ የተከበረውን ሰው ጥንቃቄ፥ እርጋታና ብቸኝነት ሊያሳይ ይችላል። በሰው አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ስሜት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

እንግዲህ «ኦቴሎ»ን የሚያስተምሩ መምህራን «ኦቴሎ ለምን ቀና?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ኦቴሎ ማንን አመነ? ስለ ምንስ አመነው?» ብለው ቢጠይቁ ተማሪዎቻቸው ከተውኔቱ ልብ አጠገብ ይደርሳሉ ብለን እናምናለን። ወጣቶች ተጫዋቾችም ሮብሰን በገዛ ሥራው ላይ የፈረደውን ፍርድ ያስቡ። ድምፅ ተፈጥሮ ይሰጠዋል፤ አነጋገርንም መምህር ያቃናዋል፤ እግር ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ ማድረግ ግን ለሮብሰን ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል።