ቁጥሩን ተዉት፣ መረቡን እዩ

በመስከረምና በጥቅምት ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ወፎች፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር እንዳለው የካናዳው ሎንግ ፖይንት ባሉ ጣቢያዎች በመረብ እየተያዙ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ይጠለቅላቸዋል። ሎንግ ፖይንት ይህን ሲሠራ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬ ስንት ያዛችሁ?» ብሎ ነው። እኔ ግን የማየው መረቡን ነው፤ የተቆረጠና የተጠገነ ቦታ ካገኘሁበት ደስ ይለኛል።

መረቡ ለዓይን በቀላሉ የማይታይ ቀጭን ጥቁር ናይሎን ነው፤ ወፏ በርራ ስትገባ ኪሱ ውስጥ ትወድቃለች። ያወቀበት ሰው ከመንካቱ በፊት በየት በኩል እንደገባች ያያል፤ የምትወጣውም በዚያው ነውና። ጀማሪ ይጎትታል። አንዳንዴ ክሩ ምላሷ ሥር ባሉት ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆች ይያዛል። ያኔ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ነው፤ እምቢ ካለ መረቡን መቁረጥ። መረቡ ውድ ነው ብሎ መቀስ የማያነሳ ሰው ወፍ ባይነካ ይሻላል።

ቀለበቱን በፒንሳ ሲገጥሙ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጫፎቹ ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ መግጠም አለባቸው፤ ቀለበቱ ግን እግሯ ላይ እንደ ልብ መሽከርከር አለበት። ቀጥሎ የአንገቷን ሥር ላባ በእስትንፋስ ገለጥ ሲያደርጉ ለጉዞ ያጠራቀመችው ቢጫ ስብ ይታያል።

ሌሊት ተራው የሶ-ዌት ጉጉት ነው፤ መቶ ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ጉጉት ናት። የወንዱን ጥሪ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ያመጧታል። ዕድሜዋ የሚለየው ክንፏን ከሥር በአልትራቫዮሌት መብራት ሲያዩት ነው፦ አዲሱ ላባ ደማቅ ሮዝ ያበራል፣ ያረጀው ይደበዝዛል። ክንፉ በሙሉ አንድ ዓይነት ሮዝ ከሆነ የዘንድሮ ጫጩት ናት።

መረብ መዝጋትም ሙያ ነው። ዝናብ ሲጀምር፣ ወፉ ከሰዉ እጅ ሲበልጥ፣ ወይም ትንሿን የምትበላ ትልቅ ጉጉት አካባቢው ላይ ስትታይ የሚዘጋ ጣቢያ ጥሩ ጣቢያ ነው።

በመጨረሻ መዝገቡን ጠይቁ። የሶ-ዌት ጾታ የሚገመተው ክብደቷንና የክንፏን ርዝመት አገናዝቦ ስለሆነ፣ መሃል ላይ የሚወድቁት ብዙዎቹ «አልታወቀም» ተብለው መጻፍ አለባቸው። አንድም «አልታወቀም» የሌለበት መዝገብ ካሳዩኝ አላምነውም።