ጉሎ አይበላም

መቼም «ትርፍ መሬት» ሲባል እደነግጣለሁ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የባዮፊውል ስትራቴጂ ለባዮዲዝል ተክል የሚሆን 23 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አለን ብሎ ነበር። የማን ግጦሽ፣ የማን ማገዶ እንደሆነ ማን ይጠይቅ?

ጃትሮፋ ድርቅ ይችላል ተባለ። እውነት ነው፣ በቀላሉ አይሞትም፤ ውሃ ካጣ ግን ፍሬውም እምብዛም ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ ወጪ ሲበዛበት መስኖ ከመቆፈር ይልቅ ዝናብ ያለበትን ለም መሬት ይፈልጋል። ምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ የተሰጠው መሬት የባቢሌን የዝሆኖች መጠለያ ነካ። ወላይታ ደግሞ ገበሬው እህል በሚያበቅልበት ማሳ ጉሎ ዘራ። በ2008 ረሃብ ሲገባ ጉሎው ምን ያደርግለታል? መርዝ እንጂ እህል አይደለም!

እኔ የምለው፣ ስንት ሄክታር አለን ከማለታችን በፊት ስንት ውሃ አለን፣ ማንስ ይጠጣዋል እንበል።