ከራሴላስ ጀርባ ማን ይቅደም?

አንድን ደራሲ የቀረጹትን ሰዎች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ መደርደር የቆየ የሐያስያን ልማድ ነው። አንባቢም ይወደዋል። ችግሩ የሚመጣው ሰዎቹ ለደራሲው የዋሉለት ውለታ የተለያየ ሲሆን ነው። አንዱ ወሬ ያቀበለ፣ ሌላው የተረጎመ፣ ሦስተኛው ስሙን ብቻ ያዋሰ ከሆነ፣ በየትኛው ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው?

ለዚህ ክርክር እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ካሳተመው «ራሴላስ» የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ታሪኩ ምናባዊ ነው። የንጉሥ አራተኛ ልጅ የሆነው ራሴላስ በአማራ ምድር፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ በድሎት ተዘግቶ ያድጋል። ድሎቱ ሲሰለቸው ከእኅቱና ከጎጃሜው ባለቅኔ ከእምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል፤ ደስታን ሲፈልግም ካይሮ ይደርሳል። ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። እኛ በከላላና በመካነ ሰላም ደጋ የምንኖር ሰዎች ግን መጽሐፉን እንደ ባዕድ ተረት ልናየው አይገባም። አገራችን የጥንቱ ቤተ አማራ ነውና።

ተሰላፊዎቹን ልጥራ። የመጀመሪያው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ ኖሮ ያየውን ጻፈ። ሁለተኛው ያንን ጽሑፍ በ1728 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ለ ግራን ነው። ጆንሰን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ይህንኑ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የመጀመሪያ መጽሐፉም እርሱ ነው፤ የተከፈለው አምስት ጊኒ ነበር። ሦስተኛው የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው፤ ሊቃውንት የ«ራሴላስ»ን ስም ከእርሱ ያመጡታል። አራተኛው የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 በላቲን ያሳተመው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። አምስተኛው ሉዶልፍን በ1649 ሮም ላይ አግኝተው አማርኛ ያስተማሩት፣ በ1652ም እስከ ጎታ ከተማ የሄዱለት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አባ የቤተ አማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ። (በስም መመሳሰል ብቻ መካነ ሥላሴን ከዛሬዋ መካነ ሰላም ጋር አንድ ማድረግ አይገባም።)

እንግዲህ እንደርድር። ሚዛናችን ለብዕሩ መቅረብ ከሆነ ለ ግራን ይቀድማል፤ ጆንሰን ፊት የተዘረጋው የእርሱ መጽሐፍ ነበርና። ነገር ግን ለ ግራን ያለ ሎቦ ምን ይዞ ይመጣል? ሚዛናችን ስም ከሆነ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ዘውዱን ይጭናል። ሆኖም ይህ በጦር ሜዳና በሃይማኖት ክርክር የኖረ፣ በኋላም በዐፄ ፋሲል ዘመን የተጋዘ መኮንን ከዚያ ትካዜኛ ልዑል ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው የለም።

የአገር ልጅነት ሚዛን ደግሞ አለ። እርሱ አባ ጎርጎርዮስን ከሁሉ በላይ ያወጣል። ልቤ ወደዚህ ያዘነብላል፤ ግን ልብ ዳኛ አይሆንም። ለራሴ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰውየው ባይኖር ምን ይጎድል ነበር? ሎቦ ባይኖር ጆንሰን በወጣትነቱ ኢትዮጵያን የሚያውቅበት በር አይከፈትም። አባ ባይኖሩ ግን «ራሴላስ» ምናልባት ይጻፍ ነበር። የሚጎድለው ከዚያ የሚሰፋ ነው፤ አውሮፓ ስለ አማርኛና ስለ ታሪካችን የነበራት ዕውቀት ከመሠረቱ ይሳሳ ነበር። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ የሞቱት እኚህ መምህር ለጆንሰን ሩቅ ናቸው፤ ለኢትዮጵያ ጥናት ግን ከደጃፉ ላይ ቆመዋል። በአንዱ ሰልፍ መጨረሻ የቆመ ሰው በሌላው ሰልፍ መጀመሪያ ይሆናል።

ዌንዲ ቤልቸር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት ነገሩን ገልብጣዋለች፤ የሐበሻ አስተሳሰብ ራሱ በጆንሰን ላይ አድሮ እንዳጻፈው ትሞግታለች። ኢትዮጵያውያንን ከዝም ባይነት ስላወጣቻቸው አመሰግናታለሁ። ይሁን እንጂ «አደረበት» የሚለው ቃል የደራሲውን የራሱን ኀዘን እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ። ጆንሰን መጽሐፉን የጻፈው እናቱ በ1759 መጀመሪያ በሞተችበት ሰሞን፣ ለቀብሯ ወጪ ገንዘብ ሲያስፈልገው ነው። ያ ሁሉ የደስታ ፍለጋ ከሎቦ አልተቀዳም።

ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ግን ማንም በደረጃ የማያስገባቸው ሰዎች አሉ፤ አምባሰል ውስጥ በአምባ ግሸን ተዘግተው የኖሩ የነገሥታት ልጆች። የእነርሱ ግዞት ወሬ ሆነ፤ ወሬው ባሕር ተሻገረ፤ ጆንሰንም አምባውን ሸለቆ፣ እስሩን ድሎት አደረገው። እነርሱን ብናወጣ ከታሪኩ የሚተርፍ የለም። ቢሆንም አብዛኞቹ መጽሐፉ ውስጥ የሚጠሩበት ስም እንኳ የላቸውም።

ስለዚህ ደረጃው ይቅርና የዕዳ መዝገብ እንክፈት እላለሁ፤ ማን ምን እንዳዋሰ በየስሙ ይጻፍ። ስራክ ኅሩይ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ ሲመልሰው ከዕዳው አንዱን ክፍል አስመልሶልናል። የቀረውን የምናስመልሰው የከላላና የመካነ ሰላም ተማሪዎች መጽሐፉን ከአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ጋር አስተያይተው ሲያነቡት ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።