ጳጉሜን ያለ ስሟ፦ በጆዳ ታይም የኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስታወሻ ላይ የቀረበ ሂስ

በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ከትእዛዛቱ በላይ የሚጻፈውን ገላጭ ማስታወሻ ጃቫዶክ የተባለው መሣሪያ ሰብስቦ የማመሳከሪያ ሰነድ ያደርገዋል። ስለዚህ ማስታወሻው የጸሐፊው የግል መታሰቢያ ሳይሆን ለተጠቃሚው ፍች የሚሰጥ ጽሑፍ ነውና፣ በመዝገበ ቃላት ሚዛን ልንመዝነው እንወዳለን።

ለምርመራ የመረጥነው ጆዳ ታይም ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ የጊዜ አቆጣጠር ላይብረሪ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 8 የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲይዝ የኢትዮጵያን አልያዘም፤ ጆዳ ታይም ግን ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። ይህ የሚመሰገን ነው።

ማስታወሻው ዓመቱ ባለ 30 ቀን 12 ወራት እንዳሉት፣ በመጨረሻም 5 ወይም 6 ቀን እንደሚጨመር ገልጾ፣ ይህ ጭማሪ በዚህ ሥራ እንደ 13ኛ ወር መቆጠሩን ይናገራል። የንድፍን ምርጫ ከባሕርዩ እውነት ለይቶ ማሳየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ጳጉሜንን በስሟ አይጠራትም። ለፈረንጆቹ ወራት በእንግሊዝኛ ቋሚ ስሞች ሲመደቡ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት በቁጥር ብቻ ይታወቃሉ።

ሁለተኛው ጉድለት የፍች ነው። ማስታወሻው በየአራት ዓመቱ አንዱ ሠግር እንደሆነ ይገልጻል። የትኛው? አንባቢው ለአራት የሚካፈለውን ዓመት ቢገምት ይሳሳታል፤ ያ ዘመነ ዮሐንስ ነውና። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም.። ስሌቱ ራሱ ይህንኑ በትክክል ይፈጽማል፤ ያጠረው ቃሉ ነው።

ሦስተኛው የቀኑ መነሻ ነው። ማስታወሻው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት አድርጎ፣ አንዳንድ ምንጮች ከዋዜማው ፀሐይ ግባት እንደሚያስጀምሩት፣ ይህ ግን እንዳልተረጋገጠና እንዳልተሠራበት ያስታውቃል። ግልጽነቱን እናደንቃለን። ሆኖም ሕዝቡ ሰዓቱን ከንጋት እንደሚቆጥር፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት በሌላው አቆጣጠር ሰባት መሆኑን ስለማያወሳ ተጠቃሚው በስድስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል።

ለተርጓሚ የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው። ጆዳ ታይም ዘመኑን «የኢትዮጵያ ዘመን» በሚል ስም ይጠራዋል፤ ስሪ ቴን ኤክስትራ የተባለው ሌላ ላይብረሪ ደግሞ ሥጋዌን በሚያመለክት ቃል ሰይሞታል። እነዚህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልስ፣ ዓመተ ምሕረት እያለን አዲስ ስያሜ እንፈጥራለን። ከእኛ የሄደ ነገር በባዕድ ስም ተመልሶ ሲመጣ የተርጓሚው ተግባር አቻ መፈልሰፍ ሳይሆን የቀድሞ ስሙን መመለስ ነው። ምንጩ ክፍት ነውና ማንም ማረሚያ ማቅረብ ይችላል፤ ማረሚያውም ከጳጉሜን ስም ቢጀምር እንወዳለን።