ከካርታው ባሻገር፦ “ዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና 2030” ከሐርላ ሲታይ

ቀዶ ሕክምና በሕዝብ ጤና ዕቅዶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንደ ቅንጦት ሲቆጠር ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሃልፍዳን ማህለር እ.ኤ.አ. በ1980 ለቀዶ ሐኪሞች ባሰሙት ንግግር አገልግሎቱ ከመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ሊነጠል እንደማይገባ አሳስበው ነበር። ሐሳቡ በአኃዝ ተደግፎ የዓለምን ትኩረት የሳበው ግን የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ ነው።

የዘገባው አስተዋጽኦ የሚናቅ አይደለም። 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና በወቅቱ እንደማያገኙ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮችም በየዓመቱ ተጨማሪ 143 ሚሊዮን ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚያስፈልጉ ገምቷል። በቀዶ ሕክምና ማዋለድን፣ ሆድ ከፍቶ ማከምንና የክፍት አጥንት ስብራት ሕክምናን የአንድ ሆስፒታል ብቃት መመዘኛ ማድረጉም አስተዋይነት ነው።

ደካማው ጎን ሕዝቡ እነዚህን ሕክምናዎች በ2 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት የሚለው መለኪያ፣ በተግባር የመንገድ ርቀት ስሌት ሆኖ መቅረቱ ነው። ሐርላን እንመልከት። ከድሬዳዋ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ድል ጮራ ሆስፒታልም በከተማው ይገኛል። ስለዚህ ሐርላ በካርታው ላይ ያለ ጥያቄ “ተደራሽ” ናት።

ይሁን እንጂ ምጥ ለጠናባት እናት ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መኪናው ሲነሳ አይደለም። የእናቶችን ሞት ስናጠና የምናውቃቸው ሦስት መዘግየቶች አሉ፦ ለመሄድ መወሰን፣ ከጤና ተቋም መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ማግኘት። ካርታው የሚለካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የቤተሰብ ምክክር፣ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ ሰመመን ሰጪና ክፍት የቀዶ ሕክምና ክፍል በካርታ ላይ አይሳሉም።

በርግጥ ዘገባው የባለሙያ ብዛትን፣ በቀዶ ሕክምና ዙሪያ የሚከሰት ሞትንና የወጪ ጫናን የሚለኩ አመልካቾችንም አካቷል። ችግሩ የሚመጣው ርቀቱ ከእነዚህ ተነጥሎ ሲነበብ ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምራለች፤ በ2016ም ደኅንነቱ ለተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ብሔራዊ መርሐ ግብር ነድፋለች። የእነዚህ ጥረቶች ፍሬ በኪሎ ሜትር ብቻ ሊመዘን አይገባም። እያንዳንዱ ሆስፒታል ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ቢመዘግብ፣ የሐርላ እናት የት ላይ እንደዘገየች እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ነው ተደራሽነትን በእውነት ለካን ማለት የምንችለው።