«ጥቁር ወርቅ» ስለተባለው ፊልም ጥቂት አስተያየት

ከስድስት ኪሎ ወደ አራዳ የሚወርድ ተማሪ ፒያሳ ሲደርስ፣ ከ1953 ጀምሮ በሚታወቀው በቶሞካ ቆሞ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል፤ ወይም ወደ ውቤ በረሃ ዘልቆ ከረከቦት አጠገብ ይቀመጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከከፈለው ሒሳብ ለገበሬው ስንት እንደሚደርሰው ግን እምብዛም አይጠይቅም።

ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች በ2006 ያወጡት «ጥቁር ወርቅ» የተሰኘው ፊልም የሚያነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ፊልሙ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን መሪ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ለገበሬዎቹ የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ ይከተላል። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት የቀድሞውን ሁኔታ ማስታወስ ያሻል። የ1962ቱ ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት እያንዳንዱ አገር ለገበያ የሚያቀርበውን የቡና መጠን ይወስን ነበር። ይህ የኮታ ደንብ በ1989 ፈረሰ፤ በ2001 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ።

የፊልሙ ብርታት ያለ ብዙ ሐተታ አንዱን ትዕይንት ከሌላው አጠገብ ማስቀመጡ ነው። በአዲስ አበባ ሴቶች ለጥቂት ሳንቲም ቡና ፍሬ በፍሬ ሲለቅሙ እናያለን፤ የኒውዮርክን ገበያም እናያለን። ቡና በሚበቅልበት በሲዳማ የተራቡ ሕፃናት ለእርዳታ ሲቀርቡ ይታያሉ። ፍትሕ የጎደለው ንግድ እርዳታን ሊያስከትል እንደሚችል ተመልካቹ በራሱ ይገነዘባል።

ጉድለቱ ደግሞ መፍትሔውን በአብዛኛው ለባዕድ ጠጪ ኅሊና መተዉ ነው። ከአቶ ታደሰ ጥረት በቀር፣ ኢትዮጵያዊው ሻጭ ወይም ተረጂ ሆኖ ይታያል እንጂ ባለመብት ሆኖ አይታይም። ከቡናችን ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ራሳችን ሆነን ሳለ፣ የፒያሳና የውቤ በረሃ ጠጪ እንደ ገዢ አልተቆጠረም።

ባለመብትነት ምን ማለት እንደሆነ ግን በዚያው ሰሞን ታየ። መንግሥታችን በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረው ክርክርም በ2007 በስምምነት አለቀ፤ ኩባንያው በስሞቹ ለመጠቀም የፈቃድ ውል ፈረመ። ለፈቃዱ ክፍያ ስላልተጠየቀ የገበሬው ኪስ ወዲያው ሞላ ለማለት አይቻልም። ሆኖም ስሙ የማን እንደሆነ ተረጋገጠ፤ ይህም በምጽዋት አይገኝም።

ስለዚህ ፊልሙን ማየት ይገባል፤ ነገር ግን ለገበሬው አዝኖ መለያየት አይበቃም። ዋጋውን የሚወስነው ማነው? ስሙስ የማን ነው? ምርምሩም ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም። ከመካከላችን አንዱ ፒያሳ ከጠጣው ስኒ ተነሥቶ የቆይውን፣ የነጋዴውንና የገበሬውን ድርሻ ወደ ኋላ ቢቆጥር፣ ፊልሙ የተወውን ሥራ መጀመሩ ነው።