ቤቱ ታደሰ፤ ጎረቤቱስ?

ቀድሞ የማስታወቂያ ባለሙያ የነበረው እንግሊዛዊው ፒተር ሜይል፣ በደቡብ ፈረንሳይ በሉበሮን ተራራ ሥር፣ ሜነርብ ከተባለች መንደር አጠገብ ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረ የገበሬ የድንጋይ ቤት ገዛ። ያን ኑሮ የተረከበት «አንድ ዓመት በፕሮቫንስ» እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ መጀመሪያ እየሳቅሁ፣ ኋላ ግን ቅር እያለኝ።

አወቃቀሩ ምስጋና ይገባዋል። አሥራ ሁለቱ ምዕራፎች በወራት ስም ቢጠሩም፣ ጊዜን የሚለኩት ሚስትራል የተባለው ነፋስ፣ የወይን ለቀማውና የግንበኞቹ መቅረት ናቸው። ግድግዳ አፍርሰው ይጠፋሉ፤ ባለቤቱ በአቧራ መሀል ይጠብቃል። በመጨረሻ ሥራውን ያስጨረሰው ቁጣ ሳይሆን ግብዣ ነው፦ ሠራተኞቹ በገና ሰሞን ከነሚስቶቻቸው ተጠሩ። በሚስቱ ፊት ሥራው ተጓድሎ እንዲታይበት የፈለገ አልነበረምና ተሯሩጠው ጨረሱ። ደራሲው መንደሩን በውል የተረዳው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ንዝንዝ ያቃተውን ይሉኝታ ፈጸመው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቧንቧ ሠራተኛውም ሆነ ገበሬው ጎረቤት አፋቸውን የሚከፍቱት እኛን ለማሳቅ ነው። ማታ ቤታቸው ገብተው ስለዚህ እንግዳ ምን እንደሚባባሉ አንሰማም። ዕጣው ግን ተገለበጠ፤ መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ሳይጠሩ ደጁን አጨናነቁት። ሰው ሲያይ የከረመው ራሱ መታያ ሆነና ለጥቂት ዓመታት ወደ አሜሪካ ሄደ። ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሞት በፕሮቫንስ ኖረ።

ያንኑ ዓመት ጎረቤቱ ቢጽፈው ምን ይል ነበር? እኔ የምጓጓው ለዚያኛው መጽሐፍ ነው።